ነጻ ጸረ ቫይረስ ይበቃል? በአንድ ላፕቶፕ ላይ የተደረገ ፍተሻ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ዝግጅት

«ነጻው ይበቃል ወይስ የሚከፈልበትን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ኮምፒውተር ጥቂት ያውቃል ከሚባል ሰው ጆሮ አይጠፋም፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወሬ ወይም ከማስታወቂያ የሚቀዳ ነው። አሁን ጥያቄውን ያነሱት አጎቴ ናቸው። ላፕቶፓቸውን እንደ አዲስ ዊንዶውስ 11 ከጫንኩበት በኋላ ከመመለሴ በፊት ነገሩን በእጄ እየነካካሁ ልፈትሸው ወሰንኩ። አጎቴ ኢሜይል ያነባሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ የባንክ ሒሳባቸውን በብሮውዘር ይከፍታሉ፣ ፎቶ ያጠራቅማሉ፣ ፍላሽ ይሰካሉ፣ አልፎ አልፎም ከኢንተርኔት ፕሮግራም ያወርዳሉ። ተራ ተጠቃሚ ስል እንዲህ ያለውን ሰው ማለቴ ነው፤ የድርጅት ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው።

ከላፕቶፑ ጎን በራሴ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) አዘጋጅቼ፣ በኋላ ልመለስበት እንድችል ንጹሕ ሁኔታውን በስናፕሾት አስቀምጫለሁ። ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች የሚሰጡትን ነጻ ፕሮግራሞች እዚያ ጭኜ እያጠፋሁ አያቸዋለሁ፤ ላፕቶፑ ላይ ግን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የማይክሮሶፍት ነጻ ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ብቻ ይቆያል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ እውነተኛ ቫይረስ ሰብስቤ አልለቅም። አደገኛ ከመሆኑም በላይ ውጤቱ አያሳምንም። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚያገኛቸው ናሙናዎች አብዛኞቹ ያረጁና ሁሉም ኩባንያ የሚያውቃቸው በመሆናቸው፣ «መቶውን ያዘ» የሚለው ውጤት ትናንት ማታ ስለተሠራው ቫይረስ ምንም አይነግረንም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት፤ የፕሮግራሞቹን ጠባይ እኔ አያለሁ፣ ቫይረስ የመያዝ አቅማቸውን ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትኩስ ናሙናዎች ካሏቸው ላቦራቶሪዎች ሪፖርት እወስዳለሁ።

ማክሰኞ፦ የሙከራው ፋይል

አይካር የሚባለው የሙከራ ፋይል ጉዳት የሌለው፣ 68 ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ያሉት አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። የጸረ ቫይረስ ኩባንያዎች ይህን መስመር ሲያዩ እንደ ቫይረስ ሊቆጥሩት ተስማምተዋል፤ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ዶስ በተባለ ሲስተም ላይ ቢሮጥ ደግሞ የራሱን ማንነት የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ከማቆም ሌላ የሚሠራው የለም። ኖትፓድ ከፍቼ በእጄ ጻፍኩት። ሦስተኛው ምልክት ዜሮ ሳይሆን ኦ የሚለው የላቲን ዓቢይ ፊደል ስለሆነ፣ በእጁ የሚጽፍ ሰው እዚያ ላይ ካልተጠነቀቀ ፋይሉ ማንም የማይነካው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።

ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ እንዳስቀመጥኩት ምልክቱ ብቅ ብሎ ወዲያው ጠፋ፤ በስክሪኑ ቀኝ ጥግም ማሳወቂያ መጣ። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ የታሪክ መዝገብ ውስጥ ፋይሉ ከነስሙ ተመዝግቦ፣ ተነጥሎ መቀመጡ ተጽፏል። ይህ የሚያረጋግጠው ዘበኛው ነቅቶ መቀመጡን ብቻ ነው፤ አይካርን የማያውቅ ጸረ ቫይረስ እምብዛም ስለሌለ የዘበኛውን ጉብዝና አይለካም።

ቀጥዬ ያንኑ ፋይል በዚፕ ጠቅልዬ የይለፍ ቃል ሰጠሁት። አሁን ዲፌንደር ዝም አለ፤ ዚፑን በቀኝ ክሊክ ስካን ባስደርገውም ምንም አላገኘም። ይህ የዲፌንደር ድክመት አይደለም፤ በይለፍ ቃል የተመሰጠረን ነገር ነጻውም የሚከፈልበትም አያነበውም። የይለፍ ቃሉን ሰጥቼ ፋይሉን ሳወጣው ግን እንደወጣ ያዘው። ሙከራውን ያደረግኩት ኢሞቴት የተባለው ቫይረስ አሠራጮች ልክ ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙ ስለነበረ ነው፤ የተቆለፈውን ዚፕ ከኢሜይሉ ጋር ያያይዙና የይለፍ ቃሉን እዚያው ደብዳቤው ላይ ይጽፉታል፤ በዚህም የኢሜይሉ ፍተሻ ይታለፋል። ስለዚህ የማያውቁት ሰው የላከው የተቆለፈ ዚፕ ከነይለፍ ቃሉ ከመጣ፣ ተቀባዩ ሊጠራጠር ይገባዋል።

ረቡዕ፦ ፍላሽ

ሁሉም ፎልደሮች በአንድ ሌሊት ወደ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት) ተለውጠውበት የማያውቅ የፍላሽ ተጠቃሚ ጥቂት ነው። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ሾርትከቱን ሲከፍት ቫይረሱም አብሮ ይሮጣል። ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ ደግሞ ፍላሹ ገና ሲሰካ በራሱ የሚከፈተው አውቶራን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የወጣው ኮንፊከር ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ለፍላሽ አውቶራንን ዘጋው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታ በአፕዴት አዘጋው።

አይካርን ጸረ ቫይረስ በሌለው በሌላ ማሽን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ሲሰካ ዲፌንደር ምንም አላለም፤ ፎልደሩ ውስጥ ገብቼ ፋይሉን ልከፍት ስል ግን ያዘው። በቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ከጫንኳቸው ነጻ ፕሮግራሞች አንዱ ፍላሹ እንደተሰካ «ልፈትሸው?» ብሎ ጠየቀ። ከተለያየ ሰው ፍላሽ ለሚቀበል ሰው ይህ ጥያቄ ዋጋ አለው፤ ይሁን እንጂ በዲፌንደርም ፍላሹን በቀኝ ክሊክ ማስፈተሽ ይቻላል፤ የሚጎድለው አስታዋሽ ብቻ ነው።

ሐሙስ፦ የላቦራቶሪዎቹ ሪፖርት

ዛሬ ያነበብኩት ጸረ ቫይረሶችን የሚፈትኑትን የሁለት ላቦራቶሪዎች ሪፖርት ነው፤ ጀርመን ማግዴቡርግ ያለውን የኤቪ ቴስትንና ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ያለውን የኤቪ ኮምፓራቲቭስን። የመጀመሪያው ለመከላከል፣ ለፍጥነትና ለአጠቃቀም ምቾት እያንዳንዳቸው 6፣ በድምሩ 18 ነጥብ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የማይክሮሶፍት ነጻ ጸረ ቫይረስ የዚህን ላቦራቶሪ ማረጋገጫ ሳያገኝ ቀርቶ ነበር፤ «ዲፌንደር ዋጋ የለውም» የሚለው ወሬ ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል። በቅርብ ዓመታት ግን በመከላከሉ ሙሉውን 6 በተደጋጋሚ ሲያገኝ ይታያል፤ በገንዘብ ከሚሸጡት ስመ ጥሮች ጋር ያለው ልዩነትም ለተራ ተጠቃሚ ብዙም የማይሰማ ሆኗል።

ከዚህ ባልተናነሰ የሚጠቅመው ነገር ነጻውና የሚከፈልበት እትም በአንድ ኩባንያ ውስጥ ያላቸው ዝምድና ነው። ቫይረሱን የሚለየው ሞተር በአብዛኞቹ ዘንድ አንድ ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለው በሞተሩ ዙሪያ ለተደረደሩት ተጨማሪ አገልግሎቶች ነው። ኩባንያው ነጻውን ሆን ብሎ ደካማ አያደርገውም፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩት ነጻ ተጠቃሚዎች አዳዲስ ናሙናዎችን የሚያመጡለት ዓይኖቹ ናቸውና።

ሳላነሳው የማላልፈው አንድ ጉዳይ አለ። ኤቪ ኮምፓራቲቭስ ፕሮግራሞቹን ኢንተርኔት ኖሮና ተቋርጦ ለየብቻ ይለካል፤ ዲፌንደር ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመለየት አቅሙ ከብዙዎቹ በግልጽ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም የማያውቀውን ፋይል በደመና (ማለትም በኢንተርኔት በሚገናኛቸው ሰርቨሮች) ላይ ካለው የማይክሮሶፍት መረጃ ጋር በማስተያየት ላይ እጅግ ይመካል። እንግዲህ ኢንተርኔት በማይደርስበት ወይም በየሰዓቱ በሚቆራረጥበት ቦታ በፍላሽ ብቻ ፋይል የሚለዋወጥ ሰው ኢንተርኔት ሳይኖር የተሻለ ውጤት ያለው ሌላ ነጻ ጸረ ቫይረስ ቢመርጥ ምክንያት አለው። እኔ ለሌላ ነጻ ፕሮግራም ቦታ የምሰጠው በዚህ ብቻ ነው። በላፕቶፑ ላይ በደመና የሚሰጠው ጥበቃ መከፈቱን አረጋግጫለሁ፤ ያንን የዘጋ ሰው ዲፌንደርን በግማሽ ዓይኑ እያስጠበቀ ነው።

ቅዳሜ፦ ሌሎቹ ነጻ ፕሮግራሞች በቨርቹዋል ማሽን

ሙሉ ቀን የበላኝ ሥራ ይህ ነው። ቫይረስ መያዝን በተመለከተ የሚወራ የለም፤ ሁሉም አይካርን ያዙ፣ ሁሉም በየሰዓቱ ራሳቸውን ያድሳሉ። ጉዳዩ ሌላ ነው።

የአንዱን ጫኝ ፋይል ከኩባንያው ገጽ አውርጄ ስከፍተው ትልቁ አረንጓዴ አዝራር «ጫን» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ግራጫ ፊደል፣ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት አንድ ሳጥን የኩባንያውን የራሱን ብሮውዘር አብሮ እንደሚጭንና ዋና ብሮውዘር እንደሚያደርገው ይገልጻል። ምልክቱን አነሳሁት። መጫኑ እንዳለቀ የመጀመሪያው «ብልህ ፍተሻ» ራሱ ጀመረ፤ ቫይረስ አላገኘም፤ ነገር ግን በንጹሑ ማሽን ላይ «የአፈጻጸም ችግሮች»ና «የግላዊነት አደጋዎች» እንዳሉ በቀይ አስታወቀ። «ሁሉንም አስተካክል» የሚለውን ስጫን የተከፈተው የክፍያ ገጽ ነው። ከአደጋዎቹ ዋናው የኮምፒውተሬ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ) «መታየቱ» ነበር፤ የኢንተርኔት አድራሻ ደግሞ ለሚጎበኙት ገጽ ሁሉ መታየቱ የኔትወርኩ አሠራር እንጂ ሕመም አይደለም። አጎቴ ግን ይህን ቀይ ጽሑፍ ቢያዩ ስልክ እንደሚደውሉልኝ አውቃለሁ።

እንዲህ ያለው ማስፈራሪያ ከመሰላቸት ያለፈ ጉዳት አለው። በየቀኑ «አደጋ አለ» የሚል መስኮት እየዘጋ የሚውል ሰው፣ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣ ዕለትም ሳያነብ ይዘጋዋል። በዚህ ረገድ ዲፌንደር የሚሸጠው ነገር ስለሌለው ዝም ማለቱ ራሱ ጥቅም ነው፤ እርግጥ ማይክሮሶፍትም በሌላ ቦታ የደመና ማከማቻውንና ብሮውዘሩን ከመለመን አልቦዘነም።

ሁለተኛው ጉዳይ መረጃ ነው። አቫስት በነጻ ፕሮግራሙና በብሮውዘር ላይ በሚጨመሩት ኤክስተንሽኖቹ የሰበሰበውን የተጠቃሚዎች የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፍ ኩባንያው በኩል ይሸጥ እንደነበር በዜና ከተጋለጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ጃምፕሾትን ዘግቷል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያው 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና የጉብኝት መረጃን ለማስታወቂያ እንዳይሸጥ አድርጓል። ተጠቃሚውን ከሰላዮች ሊጠብቅ የገባው ፕሮግራም ተጠቃሚው የሚያያቸውን ገጾች ቆጥሮ መሸጡ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ነጻ የሚለውን ቃል ደግሜ እንድመረምር አድርጎኛል። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ነጻ ጸረ ቫይረስ የሚጭን ሰው በሴቲንጉ ውስጥ «መረጃዬን ለሦስተኛ ወገን አጋራ» የሚሉትን ምርጫዎች ፈልጎ መዝጋት ይኖርበታል፤ እኔ ከሞከርኳቸው በአንዱ ውስጥ ይህን ለማግኘት ብዙ ገጽ መገላበጥ ነበረብኝ።

ብዙ አማራጭ ያለ ለሚመስለው ሰው ይህንም ልጨምር። ኤቪጂ እ.ኤ.አ. በ2016 በአቫስት ተገዛ፤ አቪራም በኖርተን ባለቤት ተገዛ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አቫስትና ያው የኖርተን ባለቤት ተዋሕደው ጄን ዲጂታል የተባለ አንድ ኩባንያ ሆኑ። አራቱ ስሞች በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

ማታ ሁሉንም አራግፌ ማሽኑን አስነሳሁት። ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ራሱ ፈቀቅ ይላል፤ ሲራገፍም ተመልሶ ይቆማል፤ ያለ እኔ እርዳታ መመለሱን አየሁ። ሁለት ጸረ ቫይረሶችን በአንድ ላይ ማስሮጥ ጥበቃን እጥፍ ያደርጋል የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው፤ አንዱን ፋይል ሁለቱም ሊይዙት እየተጣደፉ ማሽኑን ያንቃሉ።

እሑድ፦ የውሸት ገጾች

የጸረ ቫይረስ ሙከራ ደረጃዎችን የሚያወጣው አምትሶ የተባለው ማኅበር ጉዳት የሌላቸው የመሞከሪያ ገጾች አሉት። የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን ለማውረድ የተዘጋጀውን ስሞክር ዲፌንደር ዝም አለ፤ ለካ በላፕቶፑ ላይ ይህ ጥበቃ ተዘግቷል። «በዝና ላይ የተመሠረተ ጥበቃ» በሚለው ሥር ከፈትኩት፤ ከዚያ በኋላ ማውረዱን አገደ። አጎቴን የሚያጠቃቸው አብዛኛው ነገር ከነጻ ፕሮግራም ጋር ተለጥፎ የሚገባ የብሮውዘር መሣሪያና ማስታወቂያ አምጪ በመሆኑ ይህች ማብሪያ ከሌላው ሁሉ ትበልጥባቸዋለች።

የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ገጽ መሞከሪያው ደግሞ በማይክሮሶፍቱ ኤጅ ብሮውዘር ሲከፈት ስማርትስክሪን የተባለው ማጣሪያው በቀይ ገጽ አገደው፤ በሌላ ብሮውዘር ግን ምንም ሳይባል ተከፈተ። ሌሎቹ ብሮውዘሮች ራቁታቸውን ናቸው ማለት አይደለም፤ ክሮምና ፋየርፎክስ የጉግልን የአደገኛ ገጾች ዝርዝር ይጠቀማሉ። የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች እዚህ ላይ በብሮውዘር ሁሉ የሚሠራ አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ ይሰጣሉ፤ አንዳንድ ነጻዎችም እንዲሁ። ነገር ግን የትኛውም ማጣሪያ ከሰዓታት በፊት የተሠራ የውሸት የባንክ ገጽን ሁልጊዜ አይደርስበትም፤ የይለፍ ቃሉን በገዛ እጁ ለጻፈ ሰው ደግሞ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያዝ ቫይረስ የለም። ስለዚህ ኢሜይሉና ባንኩ ላይ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ የሚጠየቅ ሁለተኛ ማረጋገጫ አስገባሁ፤ ይህም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው።

ሰኞ፦ ፎልደሮችን መቆለፍ

ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ለተራ ተጠቃሚ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቫይረሱ ቢጸዳ እንኳ ፎቶዎቹ ተቆልፈው ይቀራሉ። ከእ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥ ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ የሚባል መከላከያ አለ፤ ያልታመነ ፕሮግራም በዶክዩመንትስ፣ በፒክቸርስና በመሰሎቻቸው ውስጥ እንዳይጽፍ ያግዳል። ሲጫን ዝግ ሆኖ ስለሚመጣ አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅም። የሚሠራውም ዲፌንደር ሲሠራ ብቻ ነው፤ ሌላ ጸረ ቫይረስ የጫነ ሰው ይህን ያጣል፤ በምትኩ የኩባንያው የራሱ መሰል ጥበቃ ይኖረው ይሆናል።

ለምን ተዘግቶ እንደሚመጣ ከፍቼው ወዲያው ገባኝ። አጎቴ ፎቶ የሚያሳንሱበት አንድ ያረጀ ፕሮግራም አላቸው፤ ሥራውን ጨርሶ ፒክቸርስ ውስጥ ሊያስቀምጥ ሲል «ያልተፈቀደ ለውጥ ታግዷል» የሚል ማሳወቂያ መጣ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ግን «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ፈጽሞ የማይገናኝ ስህተት አወጣ። ማሳወቂያው ያመለጠው ሰው ፕሮግራሙ ተበላሸ ብሎ ያራግፈዋል። ወደ መዝገቡ ገብቼ ለፕሮግራሙ ፈቃድ ሰጠሁት፤ የሚጠቀሙባቸውን ሌሎች ፕሮግራሞችም አንድ በአንድ ከፍቼ አንዳንድ ፋይል እያስቀመጥኩ ፈተሽኳቸው። ይህን ግማሽ ቀን የሚሰጠው ሰው ካለ መከላከያው ይከፈት፤ የሚያስተካክልለት ሰው ለሌለው ግን አልመክርም።

የመጨረሻው መተማመኛ ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሰነዱንና ፎቶውን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ከዚያ አንድ ፎልደር ከላፕቶፑ ሆን ብዬ አጥፍቼ ከዲስኩ መለስኩት። ፎቶዎቹ ተከፈቱ። ዲስኩ ተሰክቶ ከዋለ ራንሰምዌሩ እሱንም ስለሚቆልፈው፣ ከተገለበጠ በኋላ ይነቀላል።

ማክሰኞ፦ ገንዘቡ ምን ይገዛል?

አጭር ነው። የሚከፈልባቸው ጥቅሎች ቪፒኤን (የኢንተርኔት አድራሻን የሚሰውር አገልግሎት)፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ፣ የልጆች ቁጥጥር፣ ለስልክና ለብዙ ኮምፒውተር የሚሆን አንድ ፈቃድ እንዲሁም ሲቸግር የሚያናግሩት ሰው ይሰጣሉ። የሚያናግሩት ሰው የሌላቸው ለዚያ ብቻ ብለው ቢከፍሉ አልከራከርም። ለድርጅት ሥራ ደግሞ የብዙዎቹ ነጻ እትሞች ውል የሚፈቅደው የግል አገልግሎትን ብቻ ስለሆነ መክፈል ግድ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ፣ የሚከፈልበት ጸረ ቫይረስ ነው፤ ለመጫን ያለውን ጥበቃ አጥፋ ይላል፤ ያን ያደረገ ሰው ክራኩ ምን ይዞ እንደገባ የሚነግረው የለም።

ሐሙስ፦ ሁለተኛው ኮምፒውተር

አጎቴ ላፕቶፑን ሲወስዱ «እቤት ያለውንስ አሮጌ እንዲሁ ታደርግልኛለህ?» አሉኝ። እሱ በዊንዶውስ 10 የሚሠራ፣ ፕሮሰሰሩ ወደ 11 የማያሻግረው ዴስክቶፕ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ የዲፌንደርን የቫይረስ መረጃ ግን እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2028 እንደሚያድስ አስታውቋል። ስለዚህ የሲስተሙ ቀዳዳዎች መደፈን ሲያቆሙም ጸረ ቫይረሱ «ሁሉ ደህና» የሚል አረንጓዴ ምልክት ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በዓለም ዙሪያ የተዛመተው በዚህ ዓይነት ቀዳዳ ነው፤ መድፈኛው አፕዴት በማርች ወጥቶ ሳለ ያልጫኑት ማሽኖች ናቸው የተጠቁት።

ለዚያኛው ዴስክቶፕ የሚከፈልበት ጸረ ቫይረስ ቢገዛ ቀዳዳው አይደፈንም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2026 በሚሰጠው የተራዘመ የጥበቃ አፕዴት ላስመዘግበው፣ እሱ ከማብቃቱ በፊትም በዊንዶውስ ምትክ ሊነክስ የተባለውን ነጻ ሲስተም ልጭንበት አቅጃለሁ። እስከዚያ ባንክና ኢሜይል ከላፕቶፑ ብቻ እንዲከፈቱ ከአጎቴ ጋር ተስማምተናል፤ በዴስክቶፑ ብሮውዘር ውስጥ ተቀምጠው የነበሩትን የይለፍ ቃሎችም አጥፍቻለሁ።